እጅ ያሞቃል፤ ክኒን አያስጥልም

«ሬኪ የወገብ ሕመምንም ጭንቀትንም ከሥሩ ይነቅላል፤ ክኒናችሁን ጣሉ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ታትሞ አነበብሁ። እኔም ቀበና ድልድይ አጠገብ ሞክሬዋለሁ። ሬኪ የምትሰጠው ሴትዮ መዳፏን ከወገቤ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ስልኬ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፤ ቀለለኝም (ዝም ብሎ መጋደም ለአዲስ አበቤ ብርቅ ነው)። በሦስተኛው ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሳነሣ ወገቤ እንደ ቀድሞው ቀጥ አድርጎ ያዘኝ።

ማረፌን አልክድም። ጸሐፊው ግን ዕረፍቱን «ኃይል» ብለው ሰየሙት። ሬኪን እ.ኤ.አ. በ1922 ጃፓን ውስጥ የጀመሩት ሚካኦ ኡሱይ ናቸው፤ ኃይሉን እስካሁን የለካ መሣሪያ የለም። የቅርብ ዘመዱን «ቴራፒዩቲክ ተች»ን ደግሞ ኤሚሊ ሮዛ የምትባል አሜሪካዊት ልጅ በካርቶን ጋርዳ ፈተነችው። እጇ ከየትኛው እጃቸው በላይ እንዳለ 21 ባለሙያዎች በ280 ሙከራ ያወቁት 44 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሳንቲም ቢወረውሩ ይሻላቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ።

ያስቆጣኝ ግን ክኒን ማስጣሉ ነው። ከቀበና ሽቅብ፣ እንጦጦ ላይ አይተነዋል፤ ጸበል ብለው የወጡ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የተዉበት ዘመን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ።

ጸሐፊው ሆይ፣ ያቺን «ክኒናችሁን ጣሉ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ያርሙልን።