የመኪናችንን ስክሪን ማን ፈተነልን?

ባለፈው ሰሞን ከቦሌ ወደ ሲኤምሲ ለመሄድ በአፕ ታክሲ ጠራሁ። የመጣልኝ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። መሀል ላይ የቤታችንን ቴሌቪዥን የሚያስንቅ ስክሪን ተገትሯል። ሹፌሩ ግን ያን ሁሉ ስክሪን ትተው ካርታውን የሚያዩት አየር ማስወጫው ላይ በሰኳት፣ መስታወቷ በተሰነጠቀ ስልካቸው ነው።

መገናኛ ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ቻይንኛ ብቅ አለ። ሹፌሩ ሳያዩት በጣታቸው ነክተው አጠፉት። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚለው?» አልኳቸው።

«ተይው እህቴ፣ ማስታወቂያ ነው። እንዲህ ማለት ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው።»

አላስቻለኝም። ስልኬን አውጥቼ በትርጉም አፕ ካሜራ አነበብኩት። ማስታወቂያ አልነበረም። የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀንሷል፣ መኪናውን ቶሎ አስፈትሹ ነው የሚለው። ሹፌሩ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «በብድር የገዛኋት መኪና እኮ ናት» አሉ።

እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ያንን ስክሪን ለእኚህ ሰው ማን ፈተነላቸው?

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ስክሪኑን እንደ ድሮው የመኪና ቴፕ ስለምናየው ነው። በሙያው ቋንቋ «ኢንፎቴይንመንት ሲስተም» ይሉታል፣ መረጃም መዝናኛም የሚሰጥ ለማለት። ዛሬ ግን የኋላ ካሜራው፣ ኤሲው፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያው፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያው፣ የብልሽት ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። ስክሪኑ ሲደነዝዝ ዘፈን ብቻ አይደለም የሚቋረጠው።

ለዚህ ነው ደህና ፋብሪካ ዕቃውን መኪና ላይ ከመግጠሙ በፊት ፍዳውን የሚያሳየው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና በኮምፒውተር «መኪና ውስጥ ነህ» ብለው ያታልሉታል። የውሸት ፍጥነት፣ የውሸት ጂፒኤስ፣ የውሸት የበር መከፈት ይልኩለታል። በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያጠፉታል፣ ያበሩታል። ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ያቀዘቅዙታል፣ መልሰው ፀሐይ ላይ ተቆልፎ እንደዋለ መኪና ያግሉታል። ያንቀጠቅጡታል። የተለያየ ዓይነት ስልክ በብሉቱዝ ያገናኙታል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ካሜራው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ይለካሉ። አሜሪካ ውስጥ ይህ በሕግ የተቀመጠ ነው፤ ምስሉ በ2 ሰከንድ ውስጥ መምጣት አለበት። ሁለት ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች። ከመኪና ኋላ ኳስ ተከትሎ ለሮጠ ሕፃን ግን ትንሽ አይደለችም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ያመልጣቸዋል። በአውሮፓውያኑ ጥር 2022 አሜሪካ ሲያትል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከ2014 እስከ 2017 የተሠሩ አንዳንድ የማዝዳ መኪኖች ሬዲዮ በድንገት 94.9 ኤፍኤም ላይ ተጣበቀ። ጣቢያ መቀየር የለም፣ ስክሪኑ ደግሞ እየጠፋ ይነሣል። በኋላ ሲጣራ ምክንያቱ ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። ጣቢያው ከድምፁ ጋር የሚልካቸው ትንንሽ ምስሎች የፋይል ስማቸው መጨረሻ ላይ መኖር ያለባት ቅጥያ ጎድላ ነበር። ስክሪኑ እንዲህ ያለ ፋይል ሲደርሰው ንቆ ማለፍ ሲገባው ራሱን ስቶ ወደቀ። አንድ ሰው ቀድሞ «የተበላሸ ፋይል ቢመጣስ?» ብሎ ቢሞክረው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ቴስላም አላመለጠም። በ2021 ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ የሞዴል ኤስና የሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ስክሪኑ ውስጥ ያለችው 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ በየጊዜው እየተጻፈ፣ እየተጻፈ አለቀች። ስልኩ «ስቶሬጅ ሞልቷል» እያለ የሚያስለቅሰው ሰው ሁሉ ይህ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚጠፋው ፎቶ ሳይሆን የኋላ ካሜራና የመስታወት ጉም ማጥፊያ መሆኑ ነው። መኪና ደግሞ እንደ ስልክ በሦስት ዓመት የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ እኛ ጋማ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን የ2015ቱ ነው። ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ቤታቸው ተቀምጠው፣ በስክሪኑ የኢንተርኔት ግንኙነት በኩል፣ በዋና መንገድ ላይ የሚሄድ ጂፕ ውስጥ ገቡ። ኤሲውን፣ ሬዲዮውን፣ ዝናብ መጥረጊያውን እንደፈለጉ አደረጉት፣ በመጨረሻም መኪናው ጉልበት እንዲያጣ አደረጉ። ሹፌሩ ሙከራውን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ስለነበር ተረፈ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ 1.4 ሚሊዮን መኪና ጠርቷል። የስክሪኑ በር ወደ ሞተሩ ጓዳ እንደሚያስገባ ዓለም የተማረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በሙያው ውስጥ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ዕቃውን በትክክል ሠርተነዋል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለሚጠቀመው ሰው የሚሆን ዕቃ ነው ወይ የሠራነው?» ይላል። የጋሼ መኪና የመጀመሪያውን ጥያቄ ያለፈች ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያው በሰዓቱ መጥቷል፣ በግልጽ ተጽፏል፣ ሲያጠፉት ተመልሶ መጥቷል። ቻይና ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንከን አይወጣለትም። የወደቀችው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ያንን ፈተና ደግሞ ማንም አልፈተናትም።

ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ግን አይሆንም። ለራሱ ገበያ የሠራውን መኪና ነጋዴ ገዝቶ እዚህ ካመጣው፣ ፋብሪካው ጋሼን መቼ ያውቃቸዋል? ለውጭ ገበያ የሚሠራው እንግሊዝኛ ይናገራል። ለቻይና ገበያ የተሠራው ዋጋው ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚመጣው።

ይህ ዓይነት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ከጃፓን ዞረው የመጡ መኪኖች ውስጥ ያደገ ሰው ያስታውሳል። ስክሪኑ በጃፓንኛ ካርታ አስገባ እያለ ይጨቀጭቃል። ሬዲዮው ደግሞ የተሠራው ለጃፓን ስለሆነ ድሮ ከ76 እስከ 90 ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ፋና 98.1 ላይ ነው፣ ሸገር 102.1 ላይ። እንግዲህ ሸገርን መኪናችሁ ውስጥ ለመስማት ሞገዱን የምታሸጋግር ትንሽ ዕቃ ማስገጠም ነበረባችሁ ማለት ነው። ያኔ ግን የሚቀርብን ሬዲዮ ነበር። ዛሬ የሚቀርብን የባትሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

ደግሞም ምርጫችን ጠቧል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪኳን ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ ለምታመነጭ ሀገር የውሳኔው ሒሳብ ይገባኛል፣ በሐሳቡም እስማማለሁ። ግን ሰው ሁሉ ወደ አንድ በር እንዲገባ ካደረጋችሁ በሩ ላይ ምን እንዳለ የማየት ኃላፊነትም አብሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ ትምህርቴ ትንሽ ትረዳኛለች። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም እኩል ዋጋ ይሰጣል። ያኔ ደህናውን ያመጣው ነጋዴ ይከስራል፣ ገበያውን መጥፎው ይሞላዋል። እስቲ ይህንን ወደ ስክሪኑ አምጡት። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ለውጭ ገበያ የተሠራ፣ በእንግሊዝኛ የሚሠራ፣ ከፋብሪካው አፕዴት የሚያገኝ ነው። ሌላው ቋንቋው መንደር ውስጥ የተቀየረ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው። በዋጋ ሁለተኛው ይረክሳል። ምን የሚሸጥ ይመስላችኋል?

«መንደር ውስጥ የተቀየረ» ስል ግን እየናቅሁ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ይዘው፣ በቴሌግራም እየተማሩ፣ የመኪና ስክሪን ቋንቋ የሚቀይሩ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ የእኛ እኩያ ናቸው። ማንም ያልሠራላቸውን ሥራ ለሕዝቡ እየሠሩ ነው። ችግሩ የሚጭኑት ሶፍትዌር ከየት እንደመጣ፣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ከጫኑት በኋላም ካሜራው በሰዓቱ መምጣቱንና ማስጠንቀቂያው በትክክል መታየቱን የሚያረጋግጥ አሠራር አለመኖሩ ነው። የጂፑን ታሪክ የነገርኳችሁም ለዚሁ ነው።

«ፈተና ካበዛችሁ መኪና ይወደዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፣ ይጨምራል። ግን አሁንም በነፃ አይደለም የምንነዳው። ወጪው ከሻጩ ደረሰኝ ወጥቶ ወደ ገዢው ኪስ ዞረ እንጂ አልጠፋም። ቋንቋ ማስቀየሪያ እንከፍላለን፣ ስልክ ማስቀመጫ እንገዛለን፣ ዋስትናችንን እናጣለን። ያልተነበበ ማስጠንቀቂያ ባትሪ ከጎዳ ደግሞ ሒሳቡን የሚያወራርደው ባለብድሩ ነው። ያው ወጪ ነው፣ ብቻ የተከፋፈለው ለደካማው ወገን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይ አይደለም፤ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አስመጪው መኪናውን ሲሸጥ በጽሑፍ ይናገር። ስክሪኑ በምን ቋንቋ ይሠራል? ሶፍትዌሩ የፋብሪካው ነው ወይስ የተቀየረ? አፕዴት ከየት ያገኛል? አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የአከርሎፍን ችግር ግማሹን ያቃልለዋል።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ለቦሎ ስንሰለፍ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል። የኋላ ካሜራውና የማስጠንቀቂያ ጽሑፉም ይታይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሹፌሩ ማንበብ የማይችለው ማስጠንቀቂያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ለእነዚያ ላፕቶፕ ለያዙ ልጆች ሥልጠናና ፈቃድ ይሰጣቸው። የመኪና ሶፍትዌር መፈተሽ ዓለም ላይ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ሥራ አለ፣ አማርኛው፣ አፋን ኦሮሞው፣ 13 ወሩ፣ ከንጋት የሚጀምረው ሰዓታችን። ሰዓቱን ብቻ እንኳ ውሰዱት። በቤጂንግ አቆጣጠር የቀረ ስክሪን ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 13:00 ይላችኋል። «ሌሊት ቻርጅ አድርግ» ብሎ በዚህ ሰዓት የሚያዝ ሰው መቼ እንደሚጀምርለት አስቡት።

እስከዚያው ግን መኪና ልትገዙ የምትሄዱ፣ ወይም ለቤተሰብ የምትመርጡ፣ ሻጩ ሻይ ሲጋብዛችሁ አስራ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። መኪናውን አጥፍታችሁ አስነሡትና ወዲያው የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ካሜራውን እየቆጠራችሁ ጠብቁ። ስልካችሁን አገናኙና ደውሉ፣ ከዚያ ደግሞ የሌላ ሰው ስልክ ሞክሩ። ሬዲዮውን እስከ 108 ድረስ ውሰዱት። ሰዓቱን እዩ። የማስጠንቀቂያ ዝርዝሩን ክፈቱና ማንበብ መቻላችሁን አረጋግጡ። ኤሲውን ዓይናችሁን ከመንገድ ሳትነቅሉ መቀነስ ትችሉ እንደሆነ ሞክሩ። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ እሱም አንድ የፈተና ውጤት ነው።

ጋሼስ? የተረጎምኩትን ፎቶ በቴሌግራም ልኬላቸው ነበር። በማግስቱ ማታ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። አንዲት ቱቦ ላልታ ፈሳሹ እያመለጠ ኖሯል፣ ተጠብቆ ተሞላ። አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አሉ፦ «እህቴ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ መጥቷል። ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ?»

እኔ አንድ ስልክ ያለኝ አንድ ሰው ነኝ። ለስንቱ ጋሼ ልተርጉም?