የፖምፓውን ብሎን አትንኩ

አሰብ ድረስ አብረን የተመላለስን፣ ዛሬ መሪውን ለልጆቻችሁ ያስረከባችሁ እኩዮቼ፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው። ልጆቹን አልቆጣም። የሚሠሩት ከእኛ ያዩትን ነውና።

ከመርሳ ሽንኩርት ጭኖ ወልድያን አልፎ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና የሚወጣው አይሱዙ ጥቁር ጭስ ሲተፋ አያለሁ። ባለቤቱን ስጠይቀው «ጉልበት እንዲያገኝ ፖምፓውን አስከፈትኩለት» ይለኛል። ነገሩን የጀመርነው እኛው ነን። በኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን የናፍጣውን ልክ የምትወስነውን የፖምፓውን ብሎን ሩብ ዙር አዙረን በዳገቱ እንፎክር ነበር፤ ናፍጣው ርካሽ ስለነበር ጥፋታችን አልታወቀንም። በ2014 ክረምት 50 ብር ያልሞላው ሊትር በ2017 ከ100 ብር አልፏል። ይህ ዘመን ያንን ፉከራ አይሸከምም።

ጥቁሩ ጭስ ጉልበት አይደለም፤ በቅጡ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። በእኛ አገር ዳገት ላይ የሚያጥረው ናፍጣው ሳይሆን አየሩ ነው። አሰብ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር አራት እጅ ቢሆን፣ ጋሸና ላይ ሦስት እጅ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ሽቅብ በወጣ ቁጥር ናፍጣው ሊቀነስለት ሲገባ፣ እኛ እንጨምርበታለን።

እስቲ አስሉት። መኪናውና ጭነቱ አንድ ላይ 100 ኩንታል ቢሆን፣ ከመርሳ እስከ ጋሸና ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ሽቅብ ነው። ከናፍጣው ሲሶውን ብቻ ወደ ጉልበት ለሚቀይር ሞተር ለከፍታው ብቻ 11 ሊትር ገደማ ይሄዳል። ብሎኗ ብትዞር ዳገቱ አያጥርም፣ ክብደቱም አይቀንስም። ምናልባት ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ ትደርሱ ይሆናል።

«ቱርቦስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በልኩ የተሠራ ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ እየተሽከረከረ አየር ስለሚገፋ ናፍጣ ሊቆጥብ ይችላል። ግፊቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማስጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ከእኛ ጋር አይቀልድም።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ፖምፓዬን አስከፍቼ ሁለት ወር እንደ ነብር ወጣሁበት። በሦስተኛው ወር ሳንቃን እንዳለፍኩ ሞተሩ ተንኳኳና ቆመ። ሲፈታ የአንዱ ፒስተን አናት እንደ ሰም ቀልጧል። ናፍጣው ሲበዛ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ ፒስተኑ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው፤ ንጹሕ አልሙኒየም እንኳ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ይህን የተማርኩት በብድር ገንዘብ ነው፤ ዕዳውን ለመክፈል ሁለት በሬ ሸጫለሁ።

መኪና ባይኖራችሁም፣ ግራና ላይ ማሳ ለማጠጣት በናፍጣ ሞተር ውሃ የምትስቡም ከዚህ አታመልጡም። ማሳው ላይ ጥቁር ጭስ ካያችሁ የሚወጣው ገንዘባችሁ ነው።

የሚቆጥበው ነገር አሰልቺ ስለሆነ ማንም አያወራውም፤ ንጹሕ የአየር ፊልትሮ፣ የተፈተሸ ኖዝል፣ በልኩ የተነፋ ጎማ፣ ዳገቱ ሳይጀምር የተቀነሰ ማርሽ። ቁልቁል ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ ነፍስ ያስበላል እንጂ አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋል፣ ሞተሩም መኪናውን ይይዛል።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ መኪናውን ሲያቆሙ ባትሪ ይዛችሁ ውረዱ። በፖምፓው ብሎን ላይ የፋብሪካው የማኅተም ሽቦ እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ተበጥሶ ካገኛችሁት፣ ነገ ጭነት ሳይጫን ወደ ልኩ አስመልሱት።