የፊልም ደንበኝነትና የነጋዴ ሒሳብ

ነጋዴ የማይሸጥ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ሲከርም ዝም ብሎ አይመለከትም፤ ገንዘቡ ታስሮ መቀመጡን ያውቃልና። በየወሩ ለፊልም ደንበኝነት የሚከፍለውን ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ሲያደርገው እናያለን።

ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ወደ አገራችን ሲደርስ ዋጋውን በዶላር ተምኖ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንግዲህ ኩባንያው በዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም ባይጨምር እንኳ፣ በብር ሲታሰብ ክፍያው እጅግ ከብዷል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረውን ነጋዴ ደግሞ ሌላም ነገር ይመለከተዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ በስልኩ ብቻ የሚመለከትና ደንበኝነቱን ያላቆመ ሰው የከፈለው ላላየው ፊልም ነበር። «በውጭ አገር ያለ ዘመዴ ይከፍልልኛል» የሚልም ቢኖር፣ ያው ዶላር ለቤተ ሰቡ ለሌላ ጕዳይ ሊውል ይችል እንደ ነበር አይዘንጋ።

መዝናናት አያስፈልግም አንልም፤ ቀኑን በሱቅ የዋለ ሰው ማታ ከልጆቹ ጋር ጥሩ ፊልም ቢያይ አይነቀፍም። ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ስንት ምሽት እንደ ታየ ይቈጠር፤ ክፍያውም ለነዚያ ምሽቶች ይካፈል። የአንዱ ምሽት ዋጋ ከከበደ ማቋረጥ ይሻላል። ውሉ የዓመት ውል ስላይደለ፣ በሚያስፈልግበት ወር መልሶ መቀጠል ይቻላል። በሱቁ የማይዘነጋውን ሒሳብ ነጋዴው በቤቱም አይዘንጋ እንላለን።