ባቡሩን ገዛን፣ ጣቢያውን ረሳነው

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንቆጥረው ባቡር ነው። ስንት መጣ፣ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ቆሟል። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት ቆመው እንደከረሙ የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ክርክሩም ሁልጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል፦ መለዋወጫ የለም፣ ዶላር የለም፣ አበቃ።

ዛሬ መጠየቅ የፈለግሁት ስለ ጣቢያዎቹ ነው። 39 ጣቢያ ሠርተናል። ጣቢያ በደጁ ሲቆም የአካባቢው መሬት ዋጋ ይጨምራል። ደላላው ቤት ሲያሳያችሁ «ለባቡር ቅርብ ነው» የሚላችሁ ለጨዋታ አይደለም፣ ዋጋ እየጨመረበት ነው። ታዲያ በእነዚህ 39 ጣቢያዎች ዙሪያ የጨመረው ዋጋ የማን ኪስ ገባ? ባቡሩስ ከዚያ ውስጥ ስንት ደረሰው?

ለብዙዎቻችን ጣቢያ ማለት ደረጃ፣ ጣሪያና የትኬት መስኮት ነው። የከተማ ባቡርን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ግን ጣቢያ በመጀመሪያ መሬት ነው። ይህን ቀድመው ያወቁ ከተሞች ስላሉ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት ትንሽ ዞር ዞር እንበል።

የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ የከተማ ባቡር ለንደን ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1863 ነው። ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን፣ በእንፋሎት፣ ጭሱ ዋሻው ውስጥ እየታፈነ። ሐሳቡን ለዓመታት ሲወተውት የኖረው ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የሕግ ሰው ነበር። ሠራተኛው ከተጨናነቀው መሀል ከተማ ወጥቶ ዳር ላይ ይኑር፣ በርካሽ ትኬት ይመላለስ ይል ነበር። መስመሩ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ።

የዚህ መስመር ባለቤት ሜትሮፖሊታን የተባለው ኩባንያ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ የባቡር ኩባንያዎች ለሀዲድ ከገዙት መሬት የተረፋቸውን መልሰው መሸጥ ነበረባቸው። ሜትሮፖሊታን ግን ትርፉን መሬት ይዞ ለመቆየት ከፓርላማ ፈቃድ አገኘ። ሀዲዱ ከከተማው እየወጣ ገጠሩን ሲያቋርጥ ኩባንያው በጣቢያዎቹ ዙሪያ ቤት መሥራትና ማሠራት ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ አካባቢውን «ሜትሮላንድ» ብሎ ሰይሞ፣ አትክልት ቦታ ያለው ቤት የሚያሳዩ መጽሔቶች እያሳተመ አስተዋወቀው። ቤት የገዛው ሰው በማግሥቱ የትኬት ደንበኛ ይሆናል። አንዱን ሰው ሁለቴ ሸጡለት ማለት ነው።

መሀል ከተማ ያሉት ጣቢያዎችም ያው ናቸው። ለንደን ሄዶ የሚያውቅ ሰው ደም መሳይ ቀይ ሸክላ የለበሱትን አሮጌ ጣቢያዎች ልብ ብሎ ይሆናል። የነደፋቸው ሌስሊ ግሪን ሲሆን አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1906 እና በ1907 የተከፈቱ ናቸው። ሲታዩ አጫጭር ሕንፃዎች ናቸው፣ ጣሪያቸውም ጠፍጣፋ። ምስጢሩ ውስጥ ነው፤ በብረት ምሰሶ የቆሙት ወደፊት ከላያቸው ቢሮና መኖሪያ ፎቅ እንዲቀጠልባቸው ታስቦ ነው። ገና መሠረቱ ሲጣል ጣሪያው ለሽያጭ ተዘጋጅቶ ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ጃፓናዊው ኮባያሺ ኢቺዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ከኦሳካ ኡሜዳ ተነስቶ እርሻና መንደር አቋርጦ ታካራዙካ የሚደርስ መስመር ከፈተ። በመንገዱ ላይ ትልቅ ከተማ የለም። ማን ሊሳፈርበት ነው? ኮባያሺ መልሱን ከሀዲዱ በፊት አዘጋጅቶታል። በመስመሩ ዳር መሬት ገዝቶ ቤት ሠራና ደመወዝተኛው በአሥር ዓመት እየከፈለ እንዲጨርስ አድርጎ ሸጠ። በዚያ ዘመን ቤት በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ለመካከለኛው ነዋሪ አዲስ ነገር ነበር።

ጠዋት ሁሉም ወደ ከተማ ይጎርፋል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ባቡርና የእሑዱ ባቡር ግን ባዶ ነው። ኮባያሺ በመስመሩ ጫፍ ታካራዙካ ላይ የፍል ውኃ መዝናኛ ከፈተ፤ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1914 የሴቶች የሙዚቃ ቲያትር ቡድን ለመድረክ አበቃ። ቡድኑ እስከ ዛሬ አለ፣ በጃፓን እጅግ ዝነኛ ነው። ባዶ ወንበር ለመሙላት የተፈጠረ ጥበብ! እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ኡሜዳ ጣቢያ ላይ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ከፈተ። ተሳፋሪው ወርዶ ሳይርቅ ይገዛል። ሌሎቹ የጃፓን የግል ባቡር ኩባንያዎች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ዛሬም ከትኬት ጎን ለጎን የሚኖሩት ከቤት ኪራይ፣ ከገበያና ከሆቴል ነው።

ሆንግ ኮንግ ይህንኑ ነገር የመንግሥት አሠራር አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡሯ ኩባንያ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የማልማት መብት ከመንግሥት ይገዛል። የሚከፍለው ባቡሩ ባይኖር ኖሮ ቦታው ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ ነው። ከዚያ ከአልሚ ጋር ሆኖ ሕንፃ ይገነባል፤ ባቡሩ የፈጠረው የዋጋ ልዩነት ወደ ባቡሩ ይመለሳል። ከዚህ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሯን እ.ኤ.አ. በ1904 ስትከፍት ትኬቱ 5 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ድረስ እዚያው 5 ሳንቲም ላይ ቆየ። አርባ አራት ዓመት! በመካከሉ ሁለት የዓለም ጦርነት፣ የዋጋ ንረትና ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ አለ። ታሪፉ በውል የታሰረ ነበር፤ ፖለቲከኞቹም አምስቷን ሳንቲም መንካት ምርጫ መሸነፍ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ኩባንያዎቹ ጥገና እያጓተቱ ተዳክመው በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተማው ገዝቶ አጠቃለላቸው። በእነዚያው ዓመታት በኩዊንስና በብሮንክስ ሀዲዱ የደረሰበት ሜዳ ሁሉ የአፓርታማ ሰፈር ሆነ። የመሬት ባለቤቱ በለፀገ፣ ባቡሩ ደኸየ።

አምስት ሳንቲሟ ጥፋት ነበረች እያልኩ አይደለም። ለሠራተኛው ሕይወት ነበረች። ጥፋቱ ከጎኗ ሌላ የገቢ ምንጭ አለመቆሙ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሀገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ጥሩ ነበር፣ ለድሃ የሚበጅ ነበር። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ዕዳው በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው ሁለት ብር። ይህ ሒሳብ እንደማይዘጋ ለማወቅ የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የሚያስደነግጠው ታሪፉ ማነሱ ሳይሆን ከታሪፉ ሌላ ምንም አለመታሰቡ ነው።

ጣቢያዎቹን ተመልከቱ። አብዛኞቹ በመንገድ መሀል፣ በአጥርና በመኪና ተከብበው የተተከሉ መወጣጫዎች ናቸው። ከስታዲየም በለገሀርና በሜክሲኮ አድርጎ ልደታ የሚደርሰው መስመር በድልድይ ላይ ነው፤ ከሥሩ ጥላ ያለው ሰፊ ቦታ አለ። ሰው በብዛት የሚያልፍበት ቦታ ገበያ ነው፤ ይህን ጉልት የምትቸረችር እናት ሳትማር ታውቀዋለች። መርካቶን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ከለንደን ወይም ከኦሳካ መማር ባልነበረበት።

ደግሞ እኮ የእኛ መንገድ ከሁሉም የቀለለ ነበር። ሜትሮፖሊታን መሬት ለማቆየት ፓርላማ ደጅ ጠንቷል። ኮባያሺ ከገበሬ እየለመነ ገዝቷል። በእኛ ሀገር መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተማው በሊዝ ያከራያል፣ በካሬ ያጫርታል። ሀዲዱን የሚዘረጋውም መሬቱን የሚሰጠውም መንግሥት ነው። ሁለቱ እጆች ግን አልተያያዙም። የሊዙ ገንዘብ ባለበት ኪስ ገባ፣ ባቡሩ በሌላው ኪስ ባዶ ቀረ።

ለገሀርን ልጨምር። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፣ የዛሬው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ሰፈሩ ስሙን እንኳ የወሰደው «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ለአሥርት ዓመታት ሆቴሉም ገበያውም በዚያ ዙሪያ ኖረ። ከዚያ ባቡሩ መምጣት አቆመ። የቦታው ዋጋ በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምሬቶቹ ኤግል ሂልስ 36 ሄክታር ገደማ በሚሆነው መሬት ላይ ትልቁን የለገሀር ፕሮጀክት ሲያስጀምር ነው። ባቡር ሲመላለስበት ባቡሩን ያልጠቀመ መሬት፣ ባቡሩ ከሞተ በኋላ ሕንፃ አበቀለ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። «ጣቢያን ወደ ገንዘብ ስትቀይሩ ድሃው ይፈናቀላል» የሚል። ልክ ነው፤ ምሳሌውም ከእኛው ሰዎች ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የዩ ስትሪት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተከፈተ። በቁፋሮው ዓመታት መንገዱ ታርሶ የጥቁሮቹ ነባር ንግድ ብዙው ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሀበሾች ኪራይ ረከስ ባለበት በዘጠነኛው ጎዳና ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተባለ። ጣቢያው ግን ሥራውን ቀጠለ። ሰፈሩ ተፈለገ፣ አፓርታማ በቀለ፣ ኪራይ ናረ፤ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያ ሄዱ። ሰፈሩን ያደመቁት ሰዎች ከድምቀቱ ዋጋ ድርሻ አልነበራቸውም።

ይህ ግን ጣቢያውን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ችላ ስንለውም ድሃው ከመፈናቀል አልዳነም፤ ባቡሩንም ጭምር አጣ። ጠዋት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ ባቡር ጠብቆ ሲሰለቸው ወደ ታክሲ ሰልፍ የሚሄደው ሰው ሁለቱም ደርሶበታል። ዋጋው መጨመሩ ላይቀር፣ ጭማሪው የሚከፋፈልበትን ሕግ ቀድሞ ማውጣት ነው የሚሻለው።

ምን ይደረግ? ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ክልል ውስጥ ከሚሰበሰብ አዲስ የሊዝ ገቢ የተወሰነው በሕግ ለባቡሩ ጥገና ብቻ ይመደብ። ከድልድዩ ሥር ያለው ቦታ ለትንንሽ ነጋዴዎች በመጠነኛ ኪራይ ይሰጥ፣ ኪራዩም ለዚያው ጣቢያ ደረጃና መብራት ይዋል። በጣቢያ አጠገብ ፎቅ የሚሠራ አልሚ ከቤቶቹ የተወሰኑትን ለነባሩ ነዋሪ በሚችለው ዋጋ እንዲያስቀር ውሉ ላይ ይጻፍ። ዶላሩን ይህ ብቻውን አያመጣውም፤ ግን የባቡሩ ድርጅት ባንክ ፊት ሲቆም በእጁ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ለመጀመር አዋጅ መጠበቅም አያስፈልግም። ከተማው የሊዝ ጨረታ ሲያወጣ የቦታውን ስፋት፣ አገልግሎቱንና መነሻ ዋጋውን በሰንጠረዥ ያትማል። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ከባቡር ጣቢያ ያለው ርቀት፣ በሜትር።