ያልተጨረሰ ጊታር በቤት ውስጥ ስለ ማሰናዳት

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝና ስለ ማዕድ ሥርዐት ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ይኸውም ድምፁ በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጐላው ጊታር፣ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ጉዳዩ ለቤተ ሰብ ገጽ የማይስማማ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። በእኛ ቤት ይህ ሥራ ሦስት ወር ሙሉ የምግብ ጠረጴዛችንን ይዞ ስለ ነበረ፣ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም ብሎ ሊያሳምነኝ የሚችል የለም።

በአሜሪካ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም፣ የበኵር ልጃችን ዐሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ አንድ ሣጥን ላከለት። ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው ቀለም ያልነካው ሻካራ የእንጨት አካል፣ ለብቻው የተቀመጠ አንገት፣ አንድ ጥቅል ሽቦና በከረጢት የታሰሩ ብሎኖች ነበሩ። ልጁ በደስታ ዘለለ። እኔ ግን ዕቃው በጕዞ ላይ የተሰበረ መስሎኝ አዘንሁ።

እንዲህ ያለው ጊታር ተለያይቶ ለመላክ የሚመች የሆነበት ምክንያት አለው። ሊዮ ፌንደር የተባለው ሰው በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ጊታር አካሉ እንደ በገና ገበቴ ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ድፍን እንጨት ነው። አንገቱም በኮላ ሳይጣበቅ በአራት ብሎን ይታሰራል። ስለዚህ አካሉንና አንገቱን ለየብቻ መሥራት፣ ሲበላሹም ለየብቻ መለወጥ ይቻላል።

ስለ አካሉ ብዙ አላስረዝምም። የእኛው አልደር ከሚባለው እንጨት የተቈረጠ ነበር፤ ቀዳዳው ጥቃቅን ስለ ሆነ መሙያ አልፈለገም። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በ120 ቍጥር፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻም በ220 የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ማለስለስ ይገባል። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ እንደ ሆነ ጭረቱ ለጊዜው አይታይም፤ ቀለም ወይም ዘይት በነካው ጊዜ ግን ይገለጣል። ከዚህ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል። ተኝቶ የነበረው የእንጨቱ ጠጕር ይነሣል፤ ሲደርቅ እንደ ገና በቀስታ ይለሰልሳል። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚረጩት ላከር እሳት የሚስብና ትንፋሽ የሚጐዳ ስለ ሆነ ለቤት አይመችም ብዬ፣ ለእንጨት ሥራ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት መረጥን። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀባት ነው። እኛ ስድስት ጊዜ ቀባን።

በዚህ ስፍራ የቤት እመቤቶችንም ሠራተኞችንም በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድነት ከተከመረ፣ ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋራ ተዋሕዶ ሙቀት ይሰጣል። ሙቀቱም መውጫ ካጣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጨርቁን በደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ በሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ከወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ ከቶ አይጣልም።

አሁን ወደ አንገቱ ልመለስ፤ የነገሩ ብርታት ያለው እዚያ ነውና። በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ጣት አውታሩን በፍሬቱ ላይ ሲጫነው አውታሩ ያጥራል፤ ድምፁም ይቀጥናል። በገናና ክራር እያንዳንዱ አውታር የየራሱ ድምፅ ስላለው ይህን አይሹም። መሰንቆም ጣት ራሱ ስፍራውን እየፈለገ ስለሚያገኝ አያስፈልገውም። የጊታር ተጫዋች ግን ስፍራውን አስቀድሞ የወሰነለትን ሰው ማመን አለበት። ያ ሰው ከተሳሳተ ተጫዋቹ የቱን ያህል ቢተጋ ዜማው ይጣመማል።

ስፍራው የሚወሰነው በቍጥር ነው። የእኛ ጊታር አውታር ከመነሻው እስከ በርኩማው 648 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ለ17.817 ሲካፈል 36.37 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከመነሻው በዚህ ርቀት ይተከላል። የቀረው 611.63 እንደ ገና ለ17.817 ሲካፈል 34.33 ይወጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በዚህ ያህል ይርቃል። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ልክ በእኩሌታው፣ በ324 ላይ ያርፋል። የቀድሞ ሠሪዎች ለ18 እያካፈሉ ይሠሩ ነበር። በ1581 ዓ.ም. ስለዚህ የጻፈው ቪንቼንሶ ጋሊሌይ የዝነኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ የጋሊሌዮ አባት ነው። በ18 የተካፈለ እንደ ሆነ ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ከእኩሌታው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይጐድላል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ሊቅ የሆንሁ መሰለኝ። አንድ ሌሊት ልጄ ተኝቶ ሳለ፣ ጧት ሲነሣ ተሠርቶ ያገኘውና ይደሰት ብዬ ማስመሪያና ቀጭን መጋዝ አንሥቼ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ከመነሻው ለካሁ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው። ዐሥራ ሁለት ቦይ ከቈረጥሁ በኋላ እኩሌታውን ብለካው በ324 ፈንታ 327 ሆኖ አገኘሁት። በየአንዳንዱ ልኬት የእርሳሱ ውፍረት የሚያህል፣ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ስሕተቱ ግን እየተደመረ ሄደ። ሁሉም ከአንዱ መነሻ ቢለካ ኖሮ የአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው ባልተላለፈ ነበር። ሦስት ሚሊ ሜትር በዚያ ስፍራ ከአንዱ ፍሬት እስከ ሌላው ያለው ርቀት ስድስተኛ እጅ ነው፤ ያልሠለጠነ ጆሮ እንኳ ይሰማዋል።

ጧት ልጄ አንገቱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘውና ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው። «አባባ፣ ለምን ብቻዎን ጀመሩት?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ልሸልመው ብዬ የነጠቅሁት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይቅርታም ለመንሁት። ሦስት ቀን ያህል ግን ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም።

በእነዚያ ቀኖች ስለ አንድ እንግሊዛዊ አባትና ልጅ የተጻፈ አነበብሁ። ኲን በተባለው የሙዚቃ ቡድን የታወቀው ብራያን ሜይ፣ ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው በ1963 ዓ.ም. ከአባቱ ከሃሮልድ ሜይ ጋራ በቤታቸው መሥራት ጀመረ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ ማሆጋኒ ጠረቡት። ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። በፍሬቶቹ መካከል ያሉትን ምልክቶች ከእናቱ የልብስ ስፌት ሣጥን በተገኙ የዛጐል ቍልፎች አደረጉ፤ ለአውታሩ ማርገብገቢያም የሞተር ብስክሌት ሞላ ተጠቀሙ። ኋላ ልጁ የሥነ ፈለክ ጥናቱን ትቶ ወደ ሙዚቃ በሄደ ጊዜ አባትዮው እጅግ ቅር ተሰኙ፤ ልጁ ራሱ ይህን ተናግሯል። ጊታሯን ግን አልለወጣትም። በ2002 ዓ.ም. በንግሥት ኤልሳቤጥ የኢዮቤልዩ በዓል በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆሞ የተጫወተው በዚያችው ነው። ትቶት የነበረውን የዶክተርነት ጥናትም በ2007 ዓ.ም. ፈጸመ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ራሱ መጣና «እንዴት እናድነው?» አለኝ። የተሳሳቱትን ቦዮች በስስ የእንጨት ልጣጭና በኮላ ሞላናቸው፤ ሲደርቅ አስተካክለን ፋቅናቸው። የአንገቱ ገጽ ሮዝውድ ነበር፤ ብናኙ ቆዳንና ሳንባን ስለሚያስቈጣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ሠራን። ከዚያ ልጁ ሃያ ሁለቱንም መስመር ከመነሻው ብቻ እየለካ፣ በእርሳስ ሳይሆን በስለታም ቢላዋ ምልክት አደረገ። አዲሱ መስመር በአሮጌው ላይ የወደቀባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት እጅግ አስቸገሩት፤ መጋዙ ወደ ኮላው ይሸሽ ነበርና። እኔ አንገቱን ያዝሁ።

የፍሬቱ ሽቦ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ብር ይለዋል እንጂ ብር የለበትም። ከአንገቱ ገጽ ጕብጠት ይልቅ ጥቂት አብልጦ ማጕበጥ፣ አስቀድሞ ሁለቱን ጫፎች ቀጥሎ መካከሉን በለስላሳ መዶሻ መምታት ያሻል። ከተተከሉ በኋላ ራሳቸውን በቀለም ምልክት አድርጎ በቀጥተኛ ድንጋይ ይፈትጓቸዋል። ቀለሙ ያልጠፋበት ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም እስኪተካከሉ ድረስ ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ጠፍጣፋ የሆነውን ራስ በሞረድ መልሰው ያከብቡታል። ጫፎቹም እጅ እንዳይቈርጡ ተሞርደው መለስለስ አለባቸው።

አውታሩ በተወጠረ ቀን ልጄ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ተጫነና መታ፤ ቀጥሎም ጣቱን ሳይጫን በዚያው ስፍራ ላይ አሳርፎ መታ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። የተደፈኑትን ቦዮች ፍለጋ በጥቍር ቀለም ልሸፍንልህ ብለው አልፈቀደም። ቀረብ ብሎ ላየው በየፍሬቱ አጠገብ ቀጭን መስመር ይታያል። ጠረጴዛውን ለባለቤቴ መልሰናል፤ በአንዱ ማዕዘን ያለው የዘይት ክበብ ግን አልለቀቀም።