ጉልበቱ ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም

ደባርቅ ላይ መሪ የጨበጠ ወጣት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። «ሊማሊሞን በስንት ደቂቃ ወረድካት?» መልሱ ሁልጊዜ ካለፈው ሰው መልስ በሦስት ደቂቃ ያንሳል። (በዚሁ ከቀጠለ በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ከደባርቅ ሳይነሳ ዛሪማ ይደርሳል።) እንስቃለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ወሬው ያልፋል። መንገዱ ግን እዚያው አለ። ጣልያን በወረራው ዘመን ከገደል ላይ የፈለፈለው፣ በአንድ ወገን ግድግዳ በሌላው ወገን ባዶ አየር የሆነ መንገድ ነው። ኢሱዙ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣበታል፣ አህያ እንጨት ተጭና ትወርድበታለች፣ ልጆች ከብት ይነዱበታል። እዚያ ላይ ሰዓት ይዞ የሚወርድ ሰው የሚወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ እስካሁን አልገባንም።

ፍላጎቱን ግን አንንቅም። መኪናን እስከ ጥጉ መንዳት መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በሀገራችን «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የሚባል ውድድር ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳዋለች። ራሊ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ኪስ የሚሆነው ታናሽ ወንድሙ አውቶክሮስ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ኮን ይደረደራል፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ዙሩ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ያሸነፈውን የሚለየው ሰዓት ብቻ ነው። በአሜሪካኖቹ ደንብ አንድ ኮን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ፍጥነቱ ከተራ የአገር አቋራጭ መንገድ ፍጥነት አይበልጥም፤ የሚገጨውም ፕላስቲክ ነው። አሜሪካኖቹ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ያደርጉታል፤ እንግሊዞቹ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠሩትን ውድድር ሣርና አፈር ላይ ነው የሚያካሂዱት። ለደባርቅና ለዳባት የሚስማማን የእንግሊዞቹ ነው።

መኪናውስ? ሕልሙ የታወቀ ነው። ወይ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ፣ ወይ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጡ ናቸው። ባለ ሁለት ሊትር ሞተር፣ ተርቦ፣ አራቱም ጎማ የሚስብ፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ሰርግ የሚታደምበት የቤት መኪና። ኮሊን ማክሬ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢምፕሬዛ፣ ቶሚ ማኪነን ከ1996 እስከ 1999 በተከታታይ አራት ጊዜ በላንሰር የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። እንዲህ ያለው መኪና እኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኝም። ከዚህ በኋላም አይበዛም፤ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው፣ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ሀገር ውስጥ ያለው ያለው ነው። አንዱን ገደል ከሰደዱት ምትክ የለውም፤ ከነጂው ጀምሮ።

«ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ተርቦ ምን አገባችሁ» የሚለን አይጠፋም። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ መጠየቅም ዘገባ ነው። ጥያቄያችን ደግሞ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የት ይዋል? ወጣቱ «ማርሚታውን ላስጮኸው፣ የተርቦውን ግፊት ላስጨምር» ይላል። እኛ ደግሞ ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ እንላለን። እንዲህ የምንለው በፍርሃት አይደለም። ተራራው ራሱ ያስገድዳል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከአራት ፈረስ ጉልበቱ አንዱን ያህል ዳገቱ ላይ ጥሎት ነው የሚደርሰው። ተርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ስለሚጨምቅ፣ ደጋው የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል። ጤነኛ ተርቦ ያለው አሮጌ መኪና እንግዲህ አንድ ብሎን ሳይነካ አጠገቡ ከቆመችው ቪትዝ ይልቅ አትራፊ ነው። ነገር ግን ቀጭኑን አየር ለመጭመቅ ተርቦው ቆላ ላይ ከሚሽከረከረው በላይ መሽከርከር አለበት። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ተርቦ ላይ «ግፊቱን ጨምሩልኝ» ማለት፣ ሸክም አብዝተን ያደከምናትን በቅሎ በጅራፍ እንደመጨረስ ነው።

ከፍታው ገዢንም ያሳስታል፤ ሻጭንም ያስረግማል። ሲሊንደር ውስጥ ያለው የመጭመቅ ኃይል ሲለካ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደባርቅ ላይ 105 አካባቢ ቢያሳይ አይደንቅም። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። እዚህ የሚሻለው አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ማወዳደር ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወረደ ያኔ ነው ከዋጋው ላይ መቀነስ፣ ወይ ደግሞ መሄድ።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ደባርቅ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል (ሽሮ የሚያበስል ሁሉ ያውቀዋል)። ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑም የሚሠራው በዚያው አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ይዞት ያለው ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቀጥሎ የቴስታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ከጠቅላላው መኪና ርካሹ ዕቃ ክዳኑ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ግን ሞተር ያስወርዳል። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሶማሌ ተራ የሚጠራው ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስለማይሆን እዚህ ቁጥር አንጽፍም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ፍሬን። ፔዳሉን የሚያቀልልን ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚፈጥረው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ደጋ ላይ ልዩነቱ ይጠባል፣ ፔዳሉ ይከብዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚለቅ ሰው ደግሞ የቀረችውንም እርዳታ በገዛ እጁ ይጥላታል። የፍሬን ዘይት በበኩሉ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ሸራው ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን መሄዱን አይተውም። ሜዳ ላይ ቢሆን ሦስት ኮን ይጥላል። ሊማሊሞ ላይ ምን እንደሚጥል አንጽፈውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለአዲስ የፍሬን ዘይትና ለደህና ሸራ ነው፤ ላስቲክ ቱቦዎቹ ከተሰነጣጠቁ ለእነሱም።

ሁለተኛው ለጎማ። «ሁለት አዲስ ከፊት፣ ያረጁት ከኋላ» የሚለው የለመድነው ዘዴ አራቱም ጎማ በሚስብ መኪና ላይ አይሠራም። የጎማዎቹ ዙሪያ ከተለያየ የመሃሉ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ሲፈጭ ውሎ ይቃጠላል። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ ተቀራራቢ ዕድሜ ይሁኑ። ዕድሜው ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ባለ አራት አሃዙ ቁጥር 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ጎማው አርጅቶ የደረቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የሞተር ዘይትና የአየር ማጣሪያ፤ አቧራ የበላ ተርቦ አይድንም። ከሩጫ መልስም ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ማስተንፈስ። ከዚያ በነጻ የሚገኘው፤ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ከወንበር ሥር የሚንከባለለውን ጠርሙስ ሁሉ ማውረድ። ሄልሜትና ቀበቶ ለክርክር አይቀርቡም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ስለ ጉልበት እናወራለን። የሚተርፍ አይመስለንም።

«ሰው ነዳጅ ፍለጋ ይንከራተታል፣ እናንተ ስለ ጨዋታ» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ግን እንቁጠረው፤ አንድ ሰው ስድስት ዙር ቢነዳ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው፣ ጎንደር ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነዳጁ ይልቅ የሚከብደን ሌላው ጥያቄ ነው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ የዳባት ወረዳዋን ጭና ድረስ መጥቶ ስንት ቤት በለቅሶ ዘግቷል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ሲከፍትና ሲዘጋ ከርሟል። እንዲህ ባለ አገር ስለ ኮንና ስለ ሰዓት ማውራት ያሳፍራል ወይ? እኛ አያሳፍርም ባዮች ነን። ወጣቱ ጨዋታውን አልተወውም፤ ሜዳ ስላጣ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚጫወተው።

የምንጠይቀውም ትልቅ ነገር አይደለም። ፓርኩ ውስጥ አይሁን፤ ዋልያና ጭላዳ የኛ ጩኸት አይጎድላቸውም። የገበሬ ማሳም አይሁን። ከከተማዋ ዳር ያለ አንድ ሜዳ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ተመልካቹን ከመስመሩ የሚያርቅ ገመድ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የእሳት ማጥፊያ። ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር ነው፣ ቢሮው ይታወቃል፣ ማመልከቻውን እኛ እንጽፋለን (መቼም የተማርነው መጻፍ ነው)። ሰዓቱን ሁለት ሰው በየስልኩ ይይዛል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ መካከለኛው ይወሰዳል። ኮን ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ቢጫ ጄሪካን የሌለው ቤት የለም። ነፋስ እንዳይወስደው እፍኝ አሸዋ ይበቃዋል።