የቤት ሒሳብ፦ ከኪስ በላይ የሚያወጣ ስልክ



የዛሬው የዓምዳችን ርዕስ አባት ሳያውቀው፣ እናት ሳትሰማው በልጃቸው ስልክ ውስጥ እያደገ ስለሚሄድ ዕዳ ነው። ገንዘባችን አልቆ ሳለ «ችግር የለም፣ እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል አገልግሎት በበዛበት በዚህ ዘመን፣ ከገደብ አልፎ ያወጣ ሰው ክፍያውና ወለዱ ሲከመርበት ምን ያድርግ? ምሳሌያችንን ከወረታ ከተማና ከፎገራ ሜዳ እንወስዳለን። ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድም የሚነሳባት የንግድ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያጠጡት የሩዝ አገር ነው። ገበሬው በሰኔ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፤ ውሃ ያለውም በበጋ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። እንግዲህ ዋናው ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ወጪው ግን አዝመራን አይጠብቅም። የልጆች ደብተር፣ የፓምፕ ነዳጅ፣ የታማሚ መድኃኒት፣ የሙሽራ ስጦታ ሁሉም በየሰሞናቸው ይመጣሉ። ክፍተቱ ድሮ በባለሱቁ የዱቤ ደብተር፣ በዘመድ ብድር ወይም በአብቁተ ይሸፈን ነበር። አብቁተ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ብድር በስልክ መጣ።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን «መላ» የተባለ የብድር፣ «እንደኪሴ» የተባለ ደግሞ ከሒሳብ በላይ ማውጣት የሚያስችል አገልግሎት አስተዋወቀ። የሁለተኛው ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። ዕቃ ገዝተህ ልትከፍል ስትል ሒሳብህ ጎደሎ ቢሆን፣ ጎደሎው ተሞልቶልህ ግዢው ያልቃል። ገንዘቡ ከኪስህ የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ኪስህ አይደለም! የሰው ገንዘብ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያም አለው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህንኑ ነገር በክሬዲት ካርድ ያውቁታል። ባንኩ ለካርዱ ገደብ ይቆርጣል። ባለ ካርዱ ከገደቡ ካለፈ የማለፊያ መቀጫ፣ ቀኑን ካሳለፈ የመዘግየት መቀጫ፣ ያልተከፈለው ሒሳብ ላይ ደግሞ ወለድ ይታሰባል። በአሜሪካ ነገሩ ከልክ በማለፉ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ደንበኛው አስቀድሞ ካልፈቀደ በስተቀር ባንኩ ከገደብ የማለፊያ መቀጫ ሊያስከፍለው አይችልም፤ የፈቀደም ሰው ፈቃዱን በፈለገው ጊዜ ማንሳት ይችላል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩት። ብዙ ሰው ውል ሲፈርም የትኛው ሣጥን ላይ ምልክት እንዳደረገ አያስታውስም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል እንጂ የማንም ድርጅት ተመን አይደለም። አንድ የወረታ ወጣት ለሽንኩርት ማሳው ነዳጅና ማዳበሪያ ለመግዛት 5,000 ብር ከሒሳቡ በላይ አወጣ እንበል። ለመነሻ 3 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር ይታሰብበታል። ከዚያ በየቀኑ 0.4 በመቶ፣ ማለትም 20 ብር ይቆጠርበታል። ሃያ ብር ምን አላት? የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ናት ብሎ ይተዋታል። በሠላሳኛው ቀን ዕዳው 5,750 ብር ነው። ሽንኩርቱ ደርሶ እስኪሸጥ አራት ወር ቢፈጅ፣ በ120ኛው ቀን 7,550 ብር ይደርሳል። መቀጫና የወለድ ወለድ ሳይጨመርበት ከተበደረው ከግማሽ በላይ ተጨመረበት ማለት ነው። በዓመት ሲታሰብ ይህች «ትንሽ» 0.4 በመቶ 146 በመቶ ትሆናለች!

ሌላም ወጥመድ አለ። ይህ ወጣት በወሩ መጨረሻ 600 ብር ቢከፍል ዕዳው ወደ 4,400 የወረደ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ውሎች የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድመው ለክፍያና ለወለድ ይወስዱታል፤ ዋናው ብድር የሚነካው በመጨረሻ ነው። በሠላሳ ቀን የተከማቸው 750 ብር ስለሆነ፣ የከፈለው 600 ብር ከዋናው ብድር አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። በላቡ የከፈለው ወጣት «ከፍዬ ከፍዬ ለምን አያልቅም?» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም።

የፎገራ ሰው ከሌላው ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ሩዝ የሚታጨደው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዕዳው ግን ሌሊትም ጁምዓም ዒድም ሳይል በየቀኑ ይቆጥራል። የወር ደመወዝተኛ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሊደርስበት ይችላል። አዝመራ ጠባቂ ግን አይደርስበትም። በዚህ ላይ ጎርፍ ሩዙን ቢወስደው፣ ወይም ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ሽንኩርት አውጥቶ ዋጋው ቢወድቅ ምን ይሆናል? አበው ቀላል ነገርን «ዕዳው ገብስ ነው» ይላሉ። ይህ ግን ገብስ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ወጣቱ የአንዱን ዕዳ ለመዝጋት ከሌላው ይበደራል። ያም ሲሞላ በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው ይፈልጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን በአንቀጽ 712 ወንጀል አድርጎታል። የተጨነቀ ሰው ግን ሕግ አያገላብጥም። በመጨረሻ የአባቱን ማሳ በወለድ አገድ ይሰጣል። አበዳሪው ብድሩ እስኪመለስ ድረስ ሩዙን እያጨደ ይበላል፤ ባለ መሬቱ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። በሃያ ብር የተጀመረ ነገር መሬት ላይ አለቀ ማለት ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እስላም ስለዚህ ጉዳይ የሚለውን የምናውቅ ቢሆንም ማስታወሱ ይጠቅማል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ንግድን ፈቅዶ ሪባን እርም አድርጓል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሪባ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም ረግመዋል። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው ስም ብቻውን ነገሩን ሐላል አያደርገውም። ዑለማዎች የሚመለከቱት ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው። አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ በእርግጥ ለተሠራ ሥራ ልክ የሆነ ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ከብድሩ መጠንና ከቀኑ ርዝመት ጋር አብሮ የሚያድግ ጭማሪ ሌላ ነው።

«እኔ ቀኑ ሳይደርስ ስለምከፍል ወለድ አይነካኝም» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ በውሳኔ ቁጥር 108፣ የወለድ ግዴታ ያለበትን በተቀማጭ ያልተሸፈነ ክሬዲት ካርድ መያዝ አይፈቀድም ብሏል፤ ተጠቃሚው ከወለድ ነፃ በሆነው ጊዜ ውስጥ ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። ምክንያቱም ውሉ ራሱ «ካዘገየሁ እጨምራለሁ» የሚል ቃል አለበት። በስልክ የሚሰጠው ብድር ላይ ጥርጣሬ ያለው ሰው ውሉን ይዞ በአካባቢው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ታዲያ አስቀድሞ የገባበትስ ሰው? ተስፋ መቁረጥ የሙእሚን ባሕርይ አይደለም። ዕዳውን መካድም አይፈቀድም፤ ዋናው ገንዘብ የሰው ሐቅ ነው፤ የፈረመውም ውል በሕግ ይጠየቅበታል። እንግዲህ መንገዱ በፍጥነት መውጣት ነው።

አንደኛ፣ ጉድጓዱን መቆፈር ያቁም። ከሒሳብ በላይ የሚያወጣውን አገልግሎት ያስዘጋ። ካላስዘጋው በእጁ የመጣ ችግር ሁሉ እንደገና ወደዚያው ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ዕዳውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ለማን፣ ስንት፣ በቀን ስንት እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚያበቃ። በቁርዓን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደች መሆኗን እናስታውስ። ወደ ስልኩ የሚገባውን ገንዘብ አበዳሪው ቀድሞ የሚቆርጥ መሆን አለመሆኑንም ከውሉ ላይ ይመልከት። አለበለዚያ ለልጁ መድኃኒት የተላከለት ብር ሳያየው ሊሄድበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ የሚያድገውን ዕዳ አስቀድሞ ይዝጋ። የማያድገው የባለሱቅ ዱቤ፣ ባለቤቱ ከተጠየቀና ከተስማማ፣ ጥቂት ይታገሣል። አንድ በግ ወይም የተቀመጠ ኩንታል ሩዝ ተሸጦ ዕዳው ቢያልቅ ይሻላል። አንድ ሳምንት ዋጋ እጠብቃለሁ ሲል ያቺን ትርፍ ዕዳው ይበላታል።

አራተኛ፣ አበዳሪውን በአካል ቀርቦ ያነጋግር። መቀጫው እንዲነሳ፣ ቆጠራው እንዲቆም፣ ዋናው ገንዘብ በአዝመራ ጊዜ እንዲከፈል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ያስቀምጥ። ሁልጊዜ እሺ ይባላል አንልም። ስልኩን አጥፍቶ የተደበቀን ሰው ግን እሺ የሚለው የለም።

አምስተኛ፣ ለቤተሰቡ ይንገር። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ዕዳን ያሳደገው ወለዱ ብቻ አይደለም፤ ሐፍረትም ነው። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «አባባ፣ ዕዳ አለብኝ» ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ስድብ ከሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እናንተ አይመጣም፤ ወደ አራጣ አበዳሪው ይሄዳል። መጀመሪያ ስንት እንደሆነ ጠይቁት፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉ፣ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጀማዓውም ድርሻ አለው። አላህ (ሱ.ወ.) የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት እንዲታገሡት፣ ማሩልኝ ቢሉት ደግሞ የበለጠ እንደሚሻላቸው በዚያው በሱረቱል በቀራ ነግሮናል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱም በዕዳ የተያዘ ሰው ነው። በአዝመራ ጊዜ ከየቤቱ ጥቂት እየተዋጣ በመስጊድ ዙሪያ ለቀርድ ሐሰን የሚሆን ገንዘብ ቢቀመጥ፣ ለአንድ ወጣት 5,000 ብር ያለ ጭማሪ አበድሮ በታኅሣሥ መቀበል ከባድ አይደለም። አስተማማኝ ሰዎች ይያዙት፣ መዝገብ ይኑረው፣ ብድሩም በምስክር ይጻፍ።

ከወለድ ነፃ ባንክ ለሚፈልጉም በር ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡበትን መመሪያ አወጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። በመደበኛ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት አለ። ነጋዴና ገበሬ ደግሞ ሰለምን ይማሩ። ነጋዴው ሙሉውን ዋጋ በክረምት ይከፍላል፤ ገበሬው ዓይነቱ፣ ክብደቱና ቀኑ የታወቀ ሩዝ በኅዳር ያስረክባል። ይህ ሽያጭ ነው፤ በየቀኑ የሚቆጥር ነገር የለበትም። «ካዘገየህ እጥፍ ትሰጠኛለህ» የሚል ቃል ከገባበት ግን ተበላሽቷል።

ሩዙ ተሸጦ ብር ወደ ቤት ሲገባ፣ ከሠርጉና ከልብሱ በፊት የክረምቱን ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡ። የነሐሴን ችግር የሚያቀለው የታኅሣሥ ቁጠባ ነው። ወጣቶችም ስልካችሁ «ይበቃሃል» ብሎ የሚያሳያችሁን ገደብ የሀብታችሁ መጠን አድርጋችሁ አትዩት፤ ሌላ ሰው ሊያበድራችሁ የፈቀደው መጠን ነው።

አላህ ሐላሉን አብቅቅቶን ከሐራሙ ያድነን፤ በዕዳ የተጨነቁትንም ያውጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።